ሁለት ሸለቆ በአንድ ጋን

ሰኞ፣ መጋቢት 22 ቀን

ወይኑ ጭስ ጭስ ይላል።

ከትምህርት ቤት እንደገባሁ ከበረሃው ማሳዬ የወጣውን የወይን ጋን ከፈትኩ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስለነበር ጾሙ አይከለክለኝም። በስኒ ቀድቼ ወደ ደጅ ይዤው ወጣሁ። ቀለሙ ጥቁር ቀይ ሆኗል። ደስ አለኝ። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ወይራ። ስኒውን አለቅልቄ እንደገና ቀዳሁ። ወይራ። ቀመስኩት። መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ ጣፋጭ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ጭስ።

አትጠገብን ጠራኋት። ባለቤቴ ጠጅ ትጥላለች፤ ጠላም ትጠምቃለች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የእሷን ጠጅ ያልቀመሰ ጠጪ ካለ እንግዳ ነው።

«ይሄን ጋን አጥነሽዋል?»

«ታዲያስ! በግራዋ አጠብኩት፣ በወይራ አጠንኩት። ምን ጎደለ?»

«የሚታጠነው የጠላ ጋን ነው እንጂ!»

«መጠጥ የሚገባበት ዕቃ ሁሉ ይታጠናል። እናቴ የወተት ቅል እንኳ ሳታጥን ለሰው አትልክም ነበር። ያ ወይን ያስተማረህ ጣሊያን ሳያጥን ነው የሚጠጣው?»

«አያጥንም።»

«ኤዲያ! እሱን ነው እንግዲህ ስምንት ዓመት ስታደንቅ የኖርከው?»

ጥፋቱ የኔም ነው። ወይኑን ከመፍያው ዕቃ ወደ ጋኑ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ምንም አይሸተኝም። ቤቱ ሲጨስ አይቻለሁ። ለጠላዋ መስሎኝ ዝም አልኩ።

ነገሩ ጨዋታ አይደለም። ሐረጎቹ ያሉት ከቁይ ቁልቁል ወደ አባይ በሚወርደው ቆላ፣ እኛ በረሃ በምንለው ሸለቆ ውስጥ ነው። መሬቱ የአትጠገብ ዘመዶች ርስት ነው። የሚያዝበት ታላቅ ወንድሟ አያ ቢያድግልኝ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ግማሽ ጥማድ ለቀቀልን። ሲለቅልንም፣ «በአራተኛው ፋሲካ እንግዳ ፊት የሚቀርብ መጠጥ ካልወጣው፣ ነቅዬ ማሽላ እዘራበታለሁ» ብሏል። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። አራተኛው ፋሲካ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ እዚህ ችሎት ቀጠሮ አለው። ማክሰኞ እኛ ቤት ያድራል። ይቀምሳል። ይፈርዳል።

ያለኝ ሁለት ጋን ነው። አንዱ ይኸው የታጠነው። ሁለተኛው ከከተማው በታች በጨሞጋ ወንዝ ዳር ከተከልኳቸው ሐረጎች የወጣ ነው። እሱ አልታጠነም። የዚያን ቀን ወይራ አልቆባት ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23 ቀን

ቀኑን ሙሉ ተማሪዎቹን ስለ አፈር እያስተማርኩ የማስበው ስለ ጋኑ ነበር።

መምህር ከመሆኔ በፊት ሸዋ ቆላ ውስጥ አንድ ጣሊያን ወይን እርሻ ላይ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ሲኞሩ ቀይ ወይን ከአንድ ማሳ ብቻ አውጥቶ አሽጎ አያውቅም። በአገሩ፣ ወንዝ የሚወርድበት ሸለቆ ሁሉ የራሱ ወይን አለው። በአንዱ ሸለቆ ውስጥ እንኳ ፀሐይ የሚመታውን ወገንና ጥላ የሚያርፍበትን ወገን ለይተው ይለቅማሉ፤ ለየብቻ ያፈላሉ፤ በኋላ ያገናኙታል። «ቆላው ጉልበት፣ ደጋው ስለት» ይል ነበር በዚያ በሚሰባብረው አማርኛው። የኔም ሐሳብ ከመነሻው ይኸው ነበር። ሁለት ቦታ የተከልኩት ለዚህ ነው።

የበረሃው ወይን ወፍራም፣ ጣፋጭ፣ ሰነፍ ነው። ምላስ ላይ ይተኛል። የጨሞጋው ቀጭን ነው። ቀለሙ የገረጣ፣ ጣዕሙ ጥርስ የሚያስጨብጥ። ለብቻው ለሰው አይሰጥም። ግን ንጹሕ ነው። ምናልባት ጭሱን ይበላው ይሆናል።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጓዳ ገብቼ አምስት ጠርሙስ ደረደርኩ። በስኒ እየለካሁ ቀላቀልኩ።

አንደኛ፦ በረሃው አምስት፣ ጨሞጋው አንድ። ጭስ።
ሁለተኛ፦ አራት ለሁለት። ጭስና ስኳር።
ሦስተኛ፦ ሦስት ለሦስት። ሁለቱ ይጣላሉ። ጭሱ አንድ ቦታ፣ ኮምጣጣው ሌላ ቦታ ይናገራል።
አራተኛ፦ ሁለት ለአራት። የሎሚ ውሃ ከከሰል ጋር።
አምስተኛ፦ አንድ ለአምስት። አልጽፈውም።

እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ቀመስኩ። ሲኞሩ ቀምሶ ይተፋ ነበር። እኔ የደከምኩበትን መትፋት አልሆነልኝም። ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። አምስተኛው ላይ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። አትጠገብ ሽሮ ይዛ ገባች።

«መምህር ዛሬ ራሱን ፈተነ» አለች። «ስንት አመጣህ?»

«ዜሮ።»

«መጀመሪያ ብላ።»

«ምግብ ምላስ ያበላሻል።»

«ባዶ ሆድስ ምን ያበላሻል? ጠጪዎቼ እዚያ ማዶ ተቀምጠው እያዩህ ነው።»

በላሁ። ጠርሙሶቹን እዚያው ትቼ ተኛሁ። ገና አልመሸም ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24 ቀን

ራስ ምታት።

ወሬው ጠጅ ቤቱን ሞልቶታል። ሳልጠይቅ የተሰጠኝ ምክር፦

ጌሾ ጨምርበት።
ማር ጨምርበት፣ ጭሱ ያፍራል።
ትኩስ እንጀራ በጋኑ አፍ ላይ ክደንበት፣ ሽታውን ይስበዋል።
ጠበል እርጭበት።
ለሠርግ ሽጠው፤ በሠርግ ላይ ማን ያሸታል?

እንጀራውን ሞከርኩ። እንጀራው ወይራ ወይራ አለ። ወይኑ ባለበት ነው።

ከአትጠገብ ጋር አንነጋገርም ማለት ይቻላል። እሷ የምታውቀውን ደህና ነገር አድርጋ ነው የተወቀሰችው፤ ተቀይማለች። እኔም ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን በደንብ አላወቅኩም። ጓዳ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ስገባ እሷ ትወጣለች። ቤታችን ሁለት በር ያለው መሆኑ አሁን ጠቀመን።

የሐረጎቹን ነገር አሰብኩ። ከሸዋ ስመጣ ቁርጥራጩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንዳይደርቅ ደጀን ላይ ውሃ አርከፍክፌ ነው ያመጣሁት። አንድ መቶ ሃያ ቁራጭ። በበረሃው ሰባ ስድስቱ ያዙ። የመጀመሪያውን ዓመት ፍየል ጋጣቸው። ሁለተኛውን ዓመት እንደገና አቆጠቆጡ። ዘንድሮ ነው ገና ጋን የሞሉት። በአንድ ቀን ማረሻ ያልቃሉ።

ድል፦ የመግረዣ መቀሴን አገኘሁት። ዶሮ ቤት ውስጥ ነበር። እንዴት እዚያ እንደገባ ማንም አያውቅም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25 ቀን

ከትምህርት ቤት ስመለስ አትጠገብ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። አፉ የተሸረፈ ጠርሙስ ይዛለች።

«ይሄ የትኛው ነው?»

«የቱ?»

«ጠርሙሶቹን ለጠጅ ላጥባቸው ስሰበስብ ነው የቀመስኩት። ይሄ የተሸረፈው። ምን ከምን አደረግህበት?»

ማስታወሻዬን አየሁ። በተሸረፈው ያደረግኩት ሦስተኛውን ነው፤ እኩል በእኩል። ነገርኳት።

«ቅመሰው።»

«ቀምሼዋለሁ። ይጣላሉ።»

«ማክሰኞ ነው የቀመስከው። ዛሬ ቅመሰው።»

ቀመስኩት። ለአፍታ ሌላ መጠጥ መሰለኝ። ጭሱ አልጠፋም፤ ግን ወደ ኋላ ሄዷል። ኮምጣጣው ስለቱን ጥሏል። ሁለቱ መሃል ላይ አንድ ሌላ ነገር መጥቷል። እንደ ደረቀ ፕሪም ያለ።

«አየህ?» አለች። «ተቀላቅሎ ወዲያው የሚቀመስ መጠጥ የት አገር አለ? እኔ የቆየ ጠጅና አዲስ ጠጅ ሳገናኝ ሁለት ቀን አልነካውም። መጀመሪያ ይጣላሉ። ኋላ ይላመዳሉ።»

«ለምን ማክሰኞ አልነገርሽኝም?»

«ማክሰኞ ጠይቀኸኛል?»

አልጠየቅኳትም። በስምንት ዓመት ውስጥ ሲኞሩ ካገናኘ በኋላ በርሜሉን ሲያስተኛው አይቻለሁ። ለማጥራት መስሎኝ ነበር። የሃያ ዓመት የጠጅ ጣይ እቤቴ ተቀምጣ የአንድ ጣሊያን ቃል ስቆጥር ኖሬያለሁ። ይህን አልነገርኳትም። እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ይበቃል።

ማታ አብረን በላን።

ዓርብ፣ መጋቢት 26 ቀን

ጊዜ አጥሮናል። እሑድ ሆሣዕና ነው። ከዚያ ሕማማት ይገባል። በሕማማት አትጠገብ መጠጥ አትቀምስም፤ ጠጅ ቤቱም ይዘጋል። ስለዚህ ሁለቱ ጋኖች እስከ ነገ መገናኘት አለባቸው።

እኩል በእኩል ይሁን አልኩ። እሷ አይሆንም አለች። በረሃው ትንሽ ይበልጥ አለች።

«በስንት?» አልኳት።

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት በስኒ ስንት ነው?»

«ስኒ አታምጣብኝ። ጋን ውስጥ ሲሆን ሌላ ነው። በጠርሙስ የለዘበው ኮምጣጣ በጋን እኩል አይለዝብም።»

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በአንድ እንስራ ሞከርን። እሷ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ በምላሷ ጫፍ ትነካለች፣ ዓይኗን ጨፍና ሁለት ቀን ሲቆይ የሚሆነውን ትገምታለች፣ «ጨምር» ትላለች። እኔ ከጀርባዋ በስኒ እየቆጠርኩ እጨምራለሁ። «በቃ» ስትል ቆጠራዬን አየሁ። በረሃው ሰባት ሲሆን ጨሞጋው አምስት። ወረቀት ላይ ጻፍኩት።

«ምን ትጽፋለህ?»

«ያልሽውን።»

«እኔ ቁጥር አላልኩም።»

«ምላስሽ ብሏል።»

ሳቀች። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ስጋት አለኝ። ዛሬ የሰማሁት ነው። አያ ቢያድግልኝ ብቻውን አይመጣም። የተካሰሰው ከአጎቱ ልጅ ከአያ ካሴ ጋር ነው፤ በአንድ የድንበር ድንጋይ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለችሎት ሲመጡ አንድ መንገድ ይሄዳሉ፣ አንድ ስንቅ ይበላሉ፣ አንድ ቤት ያድራሉ። ዳኛ ፊት ሲደርሱ ብቻ ነው የሚጣሉት። ካሴ ነጭ ካለ ቢያድግልኝ ጥቁር ይላል። ካሴ ወይኑን ካመሰገነ አለቀልን።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27 ቀን

ሁለቱ የሚገናኙበትን ትልቅ ጋን አጠበችው። በግራዋ፣ በብዙ ውሃ። ከዚያ ባዶ እጇን ቆመች። ልታጥን ፈልጋለች።

«በጭራሽ» አልኩ።

«ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«ማንም አይሰማም።»

«ካልታጠነ ጋን ለወንድሜ ቀዳሁ ብዬ እኔ እሰማለሁ።»

በመጨረሻ ተስማማን። ጋኑ አልታጠነም፤ ግን ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን ተደፍቶ ዋለ። እሷ በደረቁ ጋን ውስጥ ጭንቅላቷን አስገብታ አሸተተችና «እሺ» አለች።

ገለበጥን። ሰባት ለአምስት፣ በእንስራ። ከሁለቱም ጋን ሥር አተላ እንዳይነሣ በዝግታ። ወገቤ ተቆረጠ። ከጨሞጋው የተረፈውን ለኮምጣጤ አስቀመጥኩት። ከበረሃው ምንም አልተረፈም።

የጋኑን አፍ በጭቃ መረግነው። አትጠገብ በጣቷ በጭቃው ላይ መስቀል ሠራች።

«እስከ ማክሰኞ ሳምንት ማንም አይነካውም» አለች። ማንም ማለት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3 ቀን

ስቅለት። ቀኑን ሙሉ ስግደት። ጉልበቴ የኔ አይመስልም። ከቄሱ አንድ መቶ ስግደት ተቀጣሁ። ስለ ወይኑ አልተናዘዝኩም፤ ስለ ቁጣዬ ነው። ቄሱ ግን ስለ ወይኑ ጠየቁኝ። ሰምተዋል።

«ለቁርባን ይሆናል ወይ?» አልኳቸው እንደ ዘበት።

«የፈላ አይሆንም። እኛ ዘቢብ ነው የምንጠምቅ» አሉኝ። ትንሽ ቆዩና፣ «ለካህን ግን ከፋሲካ በኋላ የሚከለክል የለም» አሉ።

ጋኑን አልነካሁም። አንዴ ብቻ ጆሮዬን አስጠግቻለሁ። ድምፅ የለም። ጥሩ ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7 ቀን

ማታ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነው። እንግዶቹ ተኝተዋል። አንዱ ያንኮራፋል፤ ካሴ ይመስለኛል።

ከቀትር በኋላ ደረሱ። አያ ቢያድግልኝ ረጅምና ደረቅ ሰው ነው። በትሩን በር ላይ ያቆማል፣ ከዚያ ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል ያያል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ካሴ ወፍራም ነው፤ ሳይቀመጥ ማውራት ይጀምራል።

ፋሲካ ነውና ዶሮው፣ ሥጋው፣ ዳቦው ቀረበ። ሲበቃቸው አትጠገብ እጅ አስታጠበች። ጋኑን ከሰዓት በፊት ከፍተን ቀምሰነዋል። ወዲያው መልሰን ከደንነው። ፈርተን ነው።

ለቢያድግልኝ በብርሌ ቀዳችለት። ለካሴ ጠጅ ቀዳችለት። ይህን ሁለታችን ትናንት ነው የተመካከርነው። ካሴ ካልቀመሰ አያመሰግንም።

ካሴ የራሱን ብርሌ አየ። የቢያድግልኝን አየ።

«እትጌ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም! እርስዎ ጠጅ ይወዱ የለም ወይ ብዬ ነው።»

«እወዳለሁ። የተከለከልኩትን ግን የበለጠ እወዳለሁ።»

ምን ታድርግ፤ ቀዳችለት።

ቢያድግልኝ በውሃ አፉን ተጉመጠመጠ። እንደ ዳኛ።

«ይሄ ነው?» አለኝ።

«ይሄ ነው።»

«አራት ዓመት መሬቴን የበላው?»

«መሬታችንን በል» አለ ካሴ። «ከድንጋዩ ወዲህ ያለው የኔ ነው።»

«እሱን ነገ ለዳኛው ትነግረዋለህ። አሁን አፍህን በመጠጡ ያዝ።»

ካሴ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። «ኧረ ይሄ ግሩም ነው!» አለ። አትጠገብ ዓይኗን ጨፈነች።

ቢያድግልኝ ገና አልቀመሰም ነበር። ብርሌውን ዝቅ አደረገ። «ካሴ ግሩም ካለው አንድ ነገር አለበት» አለ።

ከዚያ ቀመሰ። ጥቂት። አፉ ውስጥ አቆየው። ብርሌውን ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። እንደገና ቀመሰ።

«ጭስ አለው።»

ዋሽቼ ምን እጠቀማለሁ። «ወይራ ነው፤ ጋኑ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ወይራማ መሆኑን አውቃለሁ። አልጠየቅኩህም። አለው ነው ያልኩት።»

ጨረሰው። ብርሌውን ሳይናገር ወደ እህቱ ገፋ። ሞላችው። ያንንም ጨረሰ። ሦስተኛውን ሲይዝ ስለ ዝንጀሮ ያወራ ጀመር፤ ዘንድሮ በረሃው ውስጥ እንዴት እንደበዛ፣ ለግብር ይመጣሉ የሚባሉት የመሬት ለካኞች ወሬ እንዴት ሰዉን እንዳስጨነቀው፣ ያልታወቀ ተክል ያለበት ማሳ እንዴት ዓይን እንደሚስብ። እያንዳንዱ በሐረጎቹ ላይ የተቆጠረ ምስክር መሰለኝ።

«ታዲያ አያ፣ ይነቀል ነው የሚሉት?» አለች አትጠገብ። መታገሥ አልቻለችም።

«ማን ነው ይነቀል ያለ?»

«ይቆይ ነው?»

«ማን ነው ይቆይ ያለ?» ብርሌውን አስቀመጠ። «ርስት የአንድ ሰው አይደለም። እኔ መጠጥ አይቼ ብቻዬን ብፈርድ ይሄ ሰውዬ በሌላ ክስ ያመጣኛል።»

«አመጣሃለሁ» አለ ካሴ።

«ሁለት ቅል ሙሉልኝ። ዘመድ ይቀምሰው። ዝናብ ሳይጥል ይወሰናል።»

ይኸው ነው። አዎም፣ አይሆንምም አላለም። ግን ሦስት ብርሌ ጠጥቷል። ይህን ቆጥሬያለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9 ቀን

ሄዱ። ችሎቱ ለግንቦት ስድስት ቀጠራቸው። ትናንት ዳኛ ፊት ተሰዳድበው፣ ዛሬ ጠዋት አንዱ የአንዱን በቅሎ ጭኖለታል።

ሁለቱን ቅሎች አትጠገብ ራሷ ሞላቻቸው። አፋቸውን በኮባ ቅጠል ደፈነች። በመንገድ ላይ እንዳይቀምሱት ይሁን፣ እንዲቀምሱት ይሁን አላወቅኩም፤ አንዷን ትንሽ አጎደለች።

«ለምን አጎደልሽው?»

«መንገድ ይንጠዋል። ሞልቶ የሄደ ይፈሳል።»

ወደ ማሳዬ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ትምህርት አለ። ፈተና ማረም አለ። ደግሞ ብሄድ ለምን መጣህ ይሉኛል። ዘመድ ሲመክር ባለጉዳይ ርቆ ይቀመጣል።

ደመናው ወደ ጮቄ በኩል ከብዷል። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ እንዳይመጣ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን

አራት ሳምንት ገደማ ምንም አልጻፍኩም። የሚጻፍ አልነበረም። ዝናቡ በሚያዝያ መጨረሻ ገባ። ከበረሃው ቃል አልመጣም። ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ ነው። ትናንት አትጠገብን፣ «ተነቅሏል በይ፣ ይብቃን» አልኳት። «ገና ነው» አለች። የማታውቀውን ነገር እንደምታውቀው አድርጋ የመናገር ልማድ አላት።

ዛሬ ከቀትር በኋላ አያ ካሴ መጣ። ብቻውን። እርጥብ ጋቢ፣ ጭቃ የለበሰ እግር። ሁለቱን ቅሎች ከትከሻው አውርዶ መደቡ ላይ አስቀመጣቸው።

«ወንድሜስ?» አለች አትጠገብ።

«ደህና ነው። ነገ ለቀጠሮ አይመጣም። የሁለታችንንም ቀን ላስለውጥ እኔን ልኮኛል።»

«ከሳሽ ተከሳሹን ልኮ?»

«ታዲያ ማንን ይላክ? ጉዳዩን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።»

አትጠገብ ቅሎቹን አነሣች። አንዱን ነቀነቀች። ሁለተኛውን ነቀነቀች። ፊቷ ተለወጠ። በአገራችን የተላከ ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ምንም ባይኖር አንድ እፍኝ ሽምብራ ይጨመርበታል። ባዶ ዕቃ የሚመልስ ሰው ወይ ባለጌ ነው፣ ወይ ሊቆርጥህ የፈለገ ነው። ቢያድግልኝ ባለጌ አይደለም።

ቅሎቹን መደቡ ላይ መለሰቻቸው። ወጥ ልታሞቅ ነው በሚል ወደ ጓዳ ገባች። ድስቱን ስታንኳኳ ሰማሁ፤ እሳት ግን አልነደደም።

እኔ መጠየቅ ነበረብኝ።

«አያ ቢያድግልኝ ምን ይሠራል አሁን?»

«ማሽላ እየዘራ ነው።»

«የት ላይ?»

«ታች፣ ወንዙ አጠገብ። የኔ ድርሻ አለበት ብዬ ነበር፣ ቀድሞኝ ዘራው። ለዚህ ደግሞ ሌላ ክስ ይኖራል።»

«ወይኑስ?»

ካሴ ሞኝ እንደሚያይ አየኝ። «ወይኑ ምን ይሆናል? ቆሟል። ዘመድ ተሰብስቦ ሦስት ቀን እሾህ ቆርጦ አጠረው እንጂ! ዝንጀሮ እንዳይገባ። እጄን እይ።» እጁን ዘረጋ። እውነትም ተቧጭሯል። «እኔን ደግሞ በየሁለት ቀኑ በተራ አስጠብቆኛል፣ ያ ወንድምሽ!» ብሎ ወደ ጓዳው ጮኸ።

አትጠገብ ወጣች። ጭልፋ ይዛለች።

«ታዲያ ዕቃ ባዶውን ይላካል?»

«እኔም ብየዋለሁ። ነውር ነው፣ ቢያንስ ማር ይግባበት ብየዋለሁ። አይሆንም አለ። 'ማር ብልክ ጠጅ ጥላ ትመልስልኛለች። እህል ብልክ እንጀራ ትመልስልኛለች። ባዶውን አድርስ። ምን እንደሚሞሉበት ያውቃሉ' አለ። እኔ እንግዲህ የሰው ቃል ነው ያደረስኩት፤ ጭልፋውን አስቀምጪው።»

አትጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጭልፋውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ።

ጋኑን ከፍቼ አየሁ። ጠጪዎቹና ቄሱ ሲቀማመሱት የቀረው አንዱን ቅል ይሞላል፤ ሁለተኛውን አይሞላም። የሚቀጥለው ለቀማ ጥር ነው። ስምንት ወር። ካሴ ደግሞ የዛሬውን ብርሌ ሲጨርስ ስለ ሁለተኛው ጠይቋል። ዘመድ እስከ ጥር እንዴት እንደሚጠብቅ አላውቅም። እኔም አላውቅም።

በሐምሌ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ እወርዳለሁ። ሠላሳ ቁራጭ ተጨማሪ መትከል ይቻላል፤ ካሴ የኔ ነው ከሚለው ከድንጋዩ ወዲህ ሳይሆን ወዲያ።

አትጠገብ ቅሎቹን አጥባ፣ አፋቸውን ወደ ታች ደፍታ አጥር ላይ ሰቅላቸዋለች። ፀሐይ ለአፍታ ወጥታ ነበር።